የቆላው የቅየሳ ካርታ ለቆላው ሰው ይከፈት

በምዕራብ ጎንደር ያሉትን መተማንና ቋራን የሚያሳዩ የቀደሙ የመንግሥት ቅየሳ ካርታዎች በዲጂታል ተቀርጸው በኢንተርኔት በነፃ ሊለቀቁ፣ የታተመ ቅጂያቸውም በአካባቢው ከተሞች በገለጉና በገንዳ ውኃ ሊቀመጥ ይገባል። የጋዜጣችን አቋም ይህ ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት መሬት በወረቀት ላይ እንዴት እንደተሳለ ለማየት ከድንበር ገበሬው የሚቀድም ባለመብት የለም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን በአባሪ ካርታ ላይ በቀይ መስመር አመለከተ። ወሰኑን መሬት ላይ የሚያወርደው የሁለቱ ወገኖች የጋራ ኮሚሽን እንዲሆንም ተስማሙ። በተግባር ግን በ1903 እ.ኤ.አ. መስመሩን የለካው የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ቻርልስ ግዊን ነው፤ የኢትዮጵያ ወኪል አብሮት አልነበረም። ሐምሌ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባና ካርቱም በተለዋወጡት ደብዳቤ የግዊን መስመር ለድንበሩ መነሻ ሆኖ ተወሰደ። የገበሬዎች የእርሻ ጉዳይ በስምምነት እስኪፈታ ድረስ ነባሩ ይዞታ እንዳይነካም ተባለ። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ እርሻዎቹ ሲገባ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ያመረቱትን ጥለው ወጡ። በስማቸው ክርክር የተነሣላቸው እነዚህ ሰዎች ግን ክርክሩ የቆመበትን ካርታ አይተው አያውቁም።

ካርታ ባለማየትና ዝም በማለት የሚመጣውን ኪሳራ ታይላንድ ታውቀዋለች። የፈረንሳይ መኮንኖች የሠሩት ካርታ ፕሬያ ቪሄር የተባለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በካምቦዲያ በኩል አሳይቶ ነበር። የያኔዋ ሲያም ካርታውን ተቀብላ ለብዙ ዓመታት ተቃውሞ አላሰማችም። በ1962 እ.ኤ.አ. የዓለም ፍርድ ቤት ቤተ መቅደሱን ለካምቦዲያ ሲወስን ዋናው ምክንያቱ ይኸው ዝምታ ሆነ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላም በቡርኪና ፋሶና በማሊ ክርክር ላይ ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ነገር ተናገረ፤ ካርታ ብቻውን የመሬት ባለቤትነት አይሰጥም፣ የውል አባሪ ሲሆን ግን ሕጋዊ ኃይል ይኖረዋል። እንግዲህ የትኛው ካርታ አባሪ እንደነበር፣ የትኛው በኋላ እንደተሳለ፣ የትኛው ላይ መስመሩ እንደተዛወረ ለይቶ ማወቅ ለዚህ አገር የሉዓላዊነት ሥራ ነው። አንዳንዱ ወረቀት ለኛ የማይመች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የማይመቸንን ካርታ አስቀድመን ማየት ያለብን ግን እኛው ነን፤ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ከሌላው እጅ ስናየው ጊዜው ያልፋል።

«የድንበር ካርታ ምስጢር ነው» የሚለውን መልስ አንቀበለውም። ሱዳንን ያስተዳደሩ እንግሊዞች ሰነዶችና ካርታዎች በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን መዝገብ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሰብስበዋል፤ ዝርዝራቸውንም ማንም ሰው በኢንተርኔት ያነባል። የሳተላይት ምስልም በየስልኩ ይከፈታል። እዚህ የተቆለፈው በር የሚዘጋው በገዛ ልጆቻችን ላይ ብቻ ነው።

ሥራው ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነም ታይቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአየር ያነሣቸው ፎቶግራፎች፣ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8 ሺህ በላይ ስብስቦች፣ አዲስ አበባ በካርታ ሥራ ኤጀንሲ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተረስተው ኖረዋል። የመቀሌና የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከኤጀንሲው ጋር ሆነው አውጥተው ቀረጿቸው፤ ዛሬ የደን መመናመንና የእርሻ መስፋፋት ይጠናባቸዋል። ይህን ያደረገ ተቋም፣ አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሆነው፣ የምዕራብ ጎንደርን ካርታዎች መቅረጽ አያቅተውም።

ስካን አድርጎ መጫን ብቻ ግን አይበቃም። 1፡50,000 የሆኑት ነባር ካርታዎቻችን የተለኩት በሱዳንና በግብፅ ወሰን አካባቢ ካለው የአዲንዳን መነሻ ነጥብ ነው። ዛሬ በቀያሽ እጅ ያለው ጂፒኤስ የሚከተለው ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ቢደራረቡ በዚህ አካባቢ አንድ ነጥብ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። ይህን ያህል ስሕተት የአንዱን ገበሬ ማሳ ለጎረቤቱ ወይም ለኢንቨስተር ካምፕ ይሰጣል፤ የአላጥሽ ፓርክንም ወሰን ያዛባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርታ በምን መነሻ፣ በማን፣ በስንት ዓመት እንደተለካ ተጽፎበት ይውጣ።

ቅጂው ከአንድ ቦታ በላይ መሆኑም ግድ ነው። ጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ላይ በደረሰው የሳይበር ጥቃት ያን የሚያህል ተቋም ለወራት የኢንተርኔት አገልግሎቱ ተስተጓጉሏል። በክልላችን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ካርታው አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢቀመጥ በእንዲህ ያለው ጊዜ ለቋራ ሰው ምንም አይጠቅመውም። ምስጥና እሳት በማይደርስበት መደርደሪያ የታተመ ቅጂ፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ፋይል ይኑር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የራሱን ቅጂ ይያዝ።

ሥራው ሲጀመር የአካባቢው ሽማግሌዎች ካርታው ፊት ይቀመጡ። ቋራ ሽንፋ የሚለውን ወንዝ የሱዳን ካርታ ራሃድ ይለዋል፤ አይማ ወንዝ እዚያ ሲደርስ ዲንደር ይሆናል። የትኛው ጉብታ፣ የትኛው የውኃ ጉድጓድ፣ የትኛው የድንጋይ ክምር የት እንደነበር በአእምሯቸው የያዙ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና የአማራ ክልል መሬት ቢሮ በአንድ ላይ ተቀምጠው ከመተማ እስከ አላጥሽ ካለው ድንበር እንዲጀምሩ፣ በእጃቸው ያለውን የካርታ ዝርዝርም በዚህ በጀት ዓመት ለሕዝብ እንዲያወጡ እንጠይቃለን።