ሂሱን እኔ ጻፍኩት፣ ዜሮውን እሷ አገኘች

ዛሬ የሰው ምስጢር ሳይሆን የራሴን ጥፋት ላጫውታችሁ ነው።

ቆቦ ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ኮሌጅ የምትማረው የአክስቴ ልጅ «ወንድም ጋሼ፣ አሳይመንት አስጨነቀኝ» ብላ መጣች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ሂስ መጻፍ ነው። እኔ 12ኛን ብጨርስም ውጤት ስላልመጣልኝ የኮሌጅ ደጅ አልረገጥኩም። እና ልቤ አበጠ። በዚያ የቆላ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩላት።

መምህሩ ግን የዋዛ አልነበረም። «ጉዱ ካሳ ንግግር ያበዛል ያልሽው የቱ ጋ ነው?» ቢላት፣ ዝም። ዜሮ! ስትነግረኝ ትስቃለች። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይሉ የለ? ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አፈርኩ። ደግነቱ መምህሩ አንድ ሳምንት ጨመረላት።

በሁለተኛው ብዕር አልነካሁም። «መጽሐፉ የቱ ጋ አናደደሽ?» ብቻ አልኳት። ቱግ አለች። «ፊታውራሪ መሸሻ! የመጣውን ባል ሁሉ በዘሩ እየናቁ የልጃቸውን ዕድሜ ፈጁት። እኛስ ሰፈር ‹የማን ዘር ነው?› ይባል የለ?»

«በይ እሱን ጻፊው!» አልኳት።

ወገኖቼ፣ ሂስ ታሪኩን መልሶ መተረክ አይደለም፤ መምህሩ አንብቦታል። ስድብም ውዳሴም አይደለም። ገበያ ወጥቶ ማሽላ የሚገዛ ሰው እፍኝ ዘግኖ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ነው ዋጋ የሚጠራው። እናንተም አንድ ሐሳብ ያዙ። «ደራሲው የዘር ኩራትን ያጋልጣል» ካላችሁ፣ የሚያሳየውን ቦታ ከነገጹ አምጡ። ያልተዋጠላችሁንም አትደብቁ፦ ጉዱ ካሳ ሲናገር የምንሰማው እሱን ነው ወይስ ሐዲስ ዓለማየሁን? ዘመኑንም እዩ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ንጉሡም ባላባቱም በቦታቸው ነበሩ። ይህን ስታውቁ፣ ያ ረጅም ንግግር አሰልቺ ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ሆኖ ይታያችኋል።

የአክስቴ ልጅ ሦስት ገጽ ጻፈች። ፊደል ገድፋለች፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይንገዳገዳል። ከ20 13 አገኘች። መምህሩ ሲጠይቃት ግን እሷ ስትመልስ ደወል ተደወለ አሉ።

ታላላቆች ሆይ፣ ለታናናሾቻችሁ አትጻፉላቸው፤ ጠይቋቸው። እኔ ረዳኋት ብዬ፣ ለካ ኮሌጅ ያልገባሁበትን ቁጭት በእሷ ወረቀት ላይ እየተወጣሁ ነበር።

ሳምንት ያገናኘን።