የማን እስራት ነው የሚያስጮኸን?

በ1978 እ.ኤ.አ. ሰባት የሳይቤሪያ ጴንጤዎች የሶቪየት ዘበኞችን አልፈው ሞስኮ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሮጠው ገቡ። አብዛኞቹ አምስት ዓመት ገደማ እዚያው ምድር ቤት ኖሩ። በ1983 ፕሬዚዳንት ሬገን ጉዳዩን ለሶቪየቱ አምባሳደር ለዶብሪኒን በግል አነሡ፤ በዚያው ዓመት ከነቤተሰቦቻቸው ከአገር ወጡ። ይህን ስንሰማ "ሃሌ ሉያ!" እንላለን፤ እኔም ብያለሁ።

አሁን ግን ልያዛችሁ። በ1986 የአሜሪካ ኮንግረስ በአፓርታይድ ላይ የማዕቀብ ሕግ ሲያወጣ እኚያው ሬገን አልፈርምም ብለው መለሱት። ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ውሳኔያቸውን ሽሮ አጸደቀው። ዓለም ማዕቀብ እንዲጥል ሲማጸኑ ከነበሩት አንዱ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ነበሩ፤ በገዛ አገራቸው መምረጥ የማይፈቀድላቸው ሰው።

ሁለቱን ታሪኮች ሳስተምር የምሰማው መልስ ያው ነው፤ የፊተኛው "የጸሎት መልስ"፣ የኋለኛው "ፖለቲካ"። በየትኛው ሚዛን? አንድን መንግሥት "እነዚህን ሰዎች ልቀቅ" ማለት በልሳን ለሚጸልይ ሲሆን መንፈሳዊ፣ ለሌላው ሲሆን ዓለማዊ ነው? "ማዕቀብ ድኻውን ይጎዳል" ትሉኝ ይሆናል። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ለሁሉም እኩል የምትጠይቁት ከሆነ እሰማችኋለሁ።

በሚቀጥለው የጸሎት ፕሮግራም፣ ከታሰሩት አማኞች ስም በታች ከእኛ ያልሆነ የአንድ እስረኛ ስም ጻፉ። ማን "ለምን?" ብሎ እንደሚጠይቃችሁ እዩ።