የቀድሞ መንገደኞች ፈለግና የአያቶቻችን ቃል

ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓመተ ምሕረት ከምጥዋ ተነሥቶ፥ በዐድዋና በአክሱም አልፎ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ ሊማሊሞንም ወጥቶ በየካቲት ወር ጎንደር ገባ። ያየውንም ጽፎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 አሳተመ።

በዛሬው ዘመን ይህን የመሰለውን ጉዞ በኮምፒዩተር ካርታ መልሶ መንደፍ ይቻላል። አሠራሩም እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመንገደኛው ካርታ እንደ አክሱምና እንደ ጎንደር ባሉት በማያጠራጥሩ ስፍራዎች ተይዞ ከሳተላይት በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ይስተካከላል። ቀጥሎ በየቀኑ የተጓዘበት ሰዓትና የተሻገረው ወንዝ ይመዘገባል። ኮምፒዩተሩም የዳገቱንና የገደሉን ልክ አስልቶ፥ ለበቅሎ የሚቀለውን መንገድ ያመለክታል።

ነገር ግን መሣሪያው ተራራውን እንጂ ስሙን አያውቅም። ብሩስ ሊማሊሞን ጆሮው እንደ ሰማው «ላማልሞን» ብሎ ጽፎታል፤ ስፍራው ታላቅ ስለ ሆነ ግን ማወቅ አያስቸግርም። የትንሿ ምንጭ ወይም ነጋዴ ያደረበት ሜዳ ስም እንዲህ ቢጣመም ግን፥ አቃንቶ የሚነግረን የአገሩ ሽማግሌ ነው። የመኪናው መንገድም የበቅሎውን ፈለግ ሁሉ አይከተልምና፥ እግረኛ ሲቀር ስሙም ይረሳል።

ስለዚህ በደባርቅና በዳባት ዘመድ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ከአያቶቻቸው ዘንድ ተቀምጠው የመሻገሪያውን፥ የማደሪያውንና የምንጩን ስም እየጠየቁ በፊደላችን ይጻፉ። ካርታው ነገም ሊነደፍ ይችላል፤ ሽማግሌው ግን ነገን አይጠብቅም።