ጉራ ነው ወይስ ልክ?

«አራት አይበቃም ወይ?» ባለ ስድስት ክር ቤዜን ያየ ሙዚቀኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ሙዚቀኛ ያልሆነው ደግሞ «ሊድ ጊታር ነው እንዴ?» ይላል። በትእዛዝ መሠራቱንና ዋጋውን ሲሰሙ ሁለቱም ይስማማሉ፦ ጉራ ነው!

እስቲ ስለ ጉራው እናውራ።

ቤዝ አራት ክር ይኑረው የሚል ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ የለም። ሊዮ ፌንደር በ1951 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ቤዙን ገበያ ላይ ሲያወጣ ክሮቹን የቃኘው እንደ ትልቁ ኮንትራባስ ነው፤ እሱ ደግሞ ባለ አራት ነው። የኒውዮርኩ ቤዚስት አንቶኒ ጃክሰን ግን ነገሩ አልተዋጠለትም፤ ቤዝም ጊታር ከሆነ ስድስት ክር ለምን አይኖረውም አለ። ካርል ቶምሰን የተባለ ጊታር ሠሪ በ1975 ሠርቶ ሰጠው። ከላይ ሲ፣ ከታች ቢ ተጨመረ። የተራው ቤዝ ወፍራም ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ሲርገበገብ፣ ቢ ወደ 31 ይወርዳል። ደረት ላይ የሚሰማ ድምፅ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከተቺዎቼ ጋር ነኝ፤ የክር ብዛት ሙዚቀኛ አያደርግም። ጄምስ ጀመርሰን የሞታውንን ዘፈኖች የተሸከመው በአራት ክር ነው። ጃክሰን ራሱ ስሙ የተጠራበትን የኦጄይስን «ፎር ዘ ላቭ ኦፍ መኒ» የቀዳው በ1973፣ ስድስቱ ክር ሳይሠራለት ነው። እንዲያውም በስድስት ክር ትልቁ ሥራ ዝም ማሰኘት ነው፤ አንዱን ስትመታ ሌላው አብሮ ይጮኻል። ክራር የሚመታ ይህን ያውቃል። ሲገርፍ የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች ያፍናቸዋል።

ታዲያ ገንዘቤን ለምን አወጣሁ? ለልኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የሱቅ ባለ ስድስት ክር አንገቱ ጣውላ ያክል ነበር። ትንሿ ጣቴ ወፍራሙ ክር ላይ አትደርስም። «ለሴት ይከብዳል፤ ብትዘፍኚ አይሻልሽም?» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሠሪው ግን እንዲህ አላለኝም። መዳፌን ወረቀት ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዙሪያውን እንድስል ጠየቀኝ። ብዙ ቤዞች ላይ 19 ሚሊሜትር የሆነውን የክሮቹን ርቀት 16.5 አደረግነው። እንጨቱም ቀለል ያለ ተመረጠ። ከዓመት በላይ ጠበቅኩ። አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስጫወት ትከሻዬንም አንጓዬንም አያመኝም።

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ቀሚስ ስታሰፉ ሜትር የያዘውን ሰው «ጉራ ነው» ትሉታላችሁ? ስታንዳርድ የምንለውም የሆነ ሰው ልክ ነው። እጃችሁ ከዚያ ሰው እጅ ጋር ከገጠመ እሰየው፣ የሱቁን ግዙ። ካልገጠመ ግን «ይህ መሣሪያ ለኔ አይሆንም» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት መሣሪያው በማን እጅ ልክ እንደተሠራ ጠይቁ።

ለምታጠራቅሙ ደግሞ አንድ ምክር፦ መጀመሪያ ተውሳችሁም ቢሆን በአራት ክር በደንብ ተጫወቱ። ልኩን የማያውቅ ሰው ለሠሪው ምን ብሎ ያዛል?