አረንጓዴው መብራት ሲበራ ባትሪው ሞልቷል ማለት ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሸዋሮቢትን ካለፈ በኋላ፣ ከሚሴ ሳይደርስ ሰንበቴን ያገኛል፡፡ ከተማዋ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ብትሆንም በይበልጥ የምትታወቀው በእሁድ ገበያዋ ነው፡፡ አፋሩ ከምሥራቁ ቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፤ አማራው ከደጋው እህል ይዞ ይወርዳል፤ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባም ሻጭም ገዢም ሆኖ ይውላል፡፡ በማግስቱ ሰኞ ደግሞ ተራው የባቲ ነው፡፡ ስለነዚህ ሁለት ገበያዎች ብዙ ተብሏል፤ ግመሎቹም በየመጽሔቱ ፎቷቸው ወጥቷል፡፡ እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን ማንም ፎቶ ስለማያነሳው ጠረጴዛ ነው፡፡

የገጠር ገበያ ባለበት ሁሉ ‹‹ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን›› የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን አይጠፋም፡፡ ከካርቶኑ ሥር ጠረጴዛ አለ፡፡ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ሶኬት የተሳበ ማከፋፈያ፣ የየዓይነቱ ገመድና ባትሪ ከስልኩ ወጥቶ ለብቻው የሚሞላባቸው ቻርጀሮች ተደርድረዋል፡፡ መብራት ካልገባበት ቀበሌ የመጣ ገበያተኛ ጠዋት ስልኩን ወይም ባትሪውን ሰጥቶ ቁጥር ይቀበላል፡፡ ፍየሉን ሸጦ፣ ጨውና ስኳሩን ገዝቶ ሲመለስ ጥቂት ብር ከፍሎ ይወስዳል፡፡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹‹ሞላ?›› ባለጠረጴዛውም አረንጓዴዋን መብራት አየት አድርጎ ‹‹ሞልቷል›› ይለዋል፡፡

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይኸው ነው፡፡ ያቺ አረንጓዴ መብራት ብዙ ጊዜ ‹‹ሞልቷል›› እያለች አይደለም፡፡ ይህን ነገር ለገበያተኛውም ሆነ ለባለጠረጴዛው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ደግሞ ከጋዜጠኛ ሥራ ውጪ አይደለም፡፡

‹‹የባትሪ ነገር ይሄን ያህል ምን ያስጽፋል?›› የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የኪስ ቦርሳ ሆኗል፡፡ ፍየል የሸጠ ሰው ገንዘቡ መግባቱን የሚያየው በስልኩ ነው፡፡ የሌላ ገበያ ዋጋ የሚጠይቀው፣ የታመመ ቤተሰቡን ወሬ የሚሰማው፣ መኪና አምልጦት መንገድ ላይ ቢያድር ቤት የሚደውለው በዚያው በስልኩ ነው፡፡ እኛ ከተማ ያለነው ባትሪ ቢያልቅብን ግድግዳው ቅርባችን ነው፡፡ እሱ ግን የሚቀጥለው ሶኬት የሚገኘው በሚቀጥለው እሁድ ሊሆን ይችላል፡፡ ‹‹ሞልቷል›› ተብሎ የወሰደው ባትሪ ማታውኑ ቢሞትበት ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ተቆረጠ ማለት ነው፡፡

አሁን ወደ ነገርዬው እንግባ፡፡ የጠረጴዛ ቻርጀር የሚባለው ሁለት ቦታ ያለው መቀመጫ ነው፡፡ ከፊት ስልኩ ይቆማል፣ ከኋላ ትርፍ ባትሪው ይገባል፡፡ ሁለቱም በአንድ ገመድ ስለሚሞሉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ይመስላል፤ ግን አይደለም፡፡ ግድግዳው ላይ የምንሰካው አዳፕተር የ220 ቮልቱን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 5 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል፡፡ በልማድ ‹‹ቻርጀር›› የምንለው ይህንኑ አዳፕተር ነው፤ እውነተኛው ቻርጀር ግን ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፡፡ ምን ያህል እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚቀነስና መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ስልኩ ውስጥ ያለው ሰርኪት ነው፡፡ ስለዚህ ስልኩ መቀመጫው ላይ ሲቆም መቀመጫው አቀባይ ብቻ ነው፡፡ ባትሪው ወጥቶ ለብቻው ሲገባ ግን ጠባቂው ስልክ የለም፡፡ ኃላፊነቱ ሁሉ የሚወድቀው መቀመጫው ላይ ነው፡፡

ያ ኃላፊነት ምን ዓይነት ነው? የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አሞላሉ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው፡፡ አሞላሉን ለመረዳት ላም ስትታለብ ማሰብ ይበቃል፡፡ ወተቱ በኃይል ሲወርድ አረፋው ቶሎ ቅሉ አፍ ይደርሳል፤ ያየ ሰው ሞላ ይላል፡፡ ትንሽ ሲቆይ አረፋው ይወርድና ቅሉ ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል፡፡ የሚያውቅ ሰው ታዲያ መጀመሪያ በኃይል ያልባል፣ አረፋው አፍ ሲደርስ ቀስ እያደረገ ይሞላል፡፡ ደህና ቻርጀርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፡፡ መጀመሪያ የማይለወጥ መጠን ያለው ከረንት ይልካል፡፡ የባትሪው ቮልቴጅ 4.2 ሲደርስ ቮልቴጁን እዚያው ይዞ ከረንቱን እያሳነሰ ይሄዳል፡፡ ከረንቱ በጣም ሲያንስ ያቆማል፡፡ ስህተት የሚፈቀድለት በጣም ጥቂት ነው፤ ከ4.2 ቮልት ወዲያና ወዲህ 0.05 ቮልት ያህል፡፡

ጊዜውንም አብረን እናስላው፡፡ የባለቁልፍ ስልክ ባትሪ 1000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው እንበል፡፡ ቻርጀሩ 500 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ከሆነ ሁለት ሰዓትና የመጨረሻው ቀስታ ተደምሮ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፡፡ 200 ሚሊአምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፡፡ ገበያተኛው ሦስት ሰዓት ቆይቶ ቢመጣ በመጀመሪያው ሞልቶ ያገኛል፤ በሁለተኛው ገና ነው፡፡ የከፈለው ገንዘብ ግን ያው ነው፡፡

በጠረጴዛው ላይ የሚበዛው ደግሞ የአምራቹ ኦሪጅናል መቀመጫ አይደለም፡፡ የማንኛውንም ስልክ ባትሪ ቆንጥጦ የሚይዘው፣ ሁለት ተንቀሳቃሽ መርፌዎች ያሉት ርካሹ ቻርጀር ነው፡፡ ባትሪያችሁን አውጥታችሁ ጫፉን እዩት፡፡ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ወርቃማ ነጥቦች አሉት፡፡ ዳርና ዳር ያሉት በአብዛኛው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ናቸው፡፡ መሐል ያለችው ለጌጥ አልተቀመጠችም፤ የባትሪውን ዓይነት ወይም ሙቀቱን ለስልኩ የምትናገር ናት፡፡ ሁለት መርፌ ያለው ቻርጀር የሚነካው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ መሐለኛዋ ‹‹ሞቄአለሁ፣ ተው›› ብትለው እንኳ የሚሰማበት ጆሮ የለውም፡፡

የአረንጓዴው መብራት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፡፡ በብዙዎቹ ርካሽ ቻርጀሮች መብራቷ የምትቀየረው ቮልቴጁ ከፍ ሲል ወይም ከረንቱ ሲያንስ ነው፡፡ ከረንት የሚያንስበት ምክንያት ግን ብዙ ነው፡፡ ባትሪው ሞልቶ ሊሆን ይችላል፡፡ መርፌው ነጥቡን ስቶ ወይም ነጥቡ ቆሽሾም ሊሆን ይችላል፡፡ አንዳንዱማ ምንም ባትሪ ሳይገባበት አረንጓዴ ያበራል፡፡ ያረጀ ባትሪ ሲሆን ደግሞ አረፋው ቶሎ ይነሳል፤ ውስጡ ያለው ተቃውሞ ስለጨመረ ቮልቴጁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወጣና መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ባትሪው ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል፡፡ እና ባለጠረጴዛው እየዋሸ አይደለም፤ መብራቷ የማታውቀውን ነገር እየጠየቃት ነው እንጂ፡፡

አለመሙላቱ አንድ ነገር ነው፡፡ ከመጠን በላይ መሙላት ግን እሳት ያመጣል፡፡ በደህና ባትሪ ውስጥ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ አነስተኛ የመከላከያ ሰርኪት አለ፡፡ አስመስለው የተሠሩ ባትሪዎች ላይ ይህ ላይኖር ይችላል፡፡ በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ኖኪያ ቢኤል-5ሲ በተባለው ባትሪው ላይ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን ብዙዎች ያስታውሱ ይሆናል፡፡ ማትሱሺታ ከተባለው የጃፓን አምራች የወጡ 46 ሚሊዮን ባትሪዎች ቻርጅ ላይ እያሉ በውስጣዊ ሾርት ምክንያት ከመጠን በላይ ሊሞቁ እንደሚችሉ ተነገረ፡፡ በዓለም ዙሪያ 100 ያህል አጋጣሚ ተመዝግቦ ነበር፤ ኩባንያውም ባትሪዎቹን በነፃ እቀይራለሁ አለ፡፡ ልብ በሉ፤ ይህ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው፣ መለያ ቁጥር ያለውና ባለቤቱ ‹‹እቀይራለሁ›› ያለው ዕቃ ነው፡፡ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ባትሪ ማን እንደሠራው በማይታወቅ ቻርጀር ላይ ሲያድር ግን የሚያስጠነቅቀን ማነው? ቆላ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አለ፡፡ እነዚህ ባትሪዎች ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቻርጅ እንዲደረጉ አይመከርም፡፡ ቆርቆሮ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ ያለ ጠረጴዛ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም፡፡

እዚህ ላይ ‹‹ታዲያ ድሃው ምን ያድርግ? ርካሹን ቻርጀር ይከልከል ነው የምትለው?›› የሚል ይኖራል፡፡ ኧረ በፍጹም! ያ ጠረጴዛ ባይኖር ብዙ ቀበሌ ስልክ አልባ ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ሕዝብ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር 35 በመቶውን ደግሞ በሶላርና በመሳሰለው፣ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ አቅዶ ነበር፡፡ ዓመቱ አልፏል፤ መብራት ያልደረሰው ቀበሌ ግን አሁንም ብዙ ነው፡፡ እስኪደርስ ድረስ የዚያ ቀበሌ መብራት ኃይል ባለጠረጴዛው ነው፡፡ ስለዚህ መከልከል ሳይሆን ማስታጠቅ ነው የሚያስፈልገው፤ የሚያስታጥቀውም ዕውቀት ነው፡፡

ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ያበጠ ባትሪ አለመቀበል፤ ለጥ ባለ ነገር ላይ አስቀምጦ ሲያሽከረክሩት የሚሾር ከሆነ አብጧል፡፡ ስልኩ አብሮ ካለ ባትሪውን ከማውጣት ይልቅ በስልኩ ውስጥ መሙላት፡፡ በመርፌው ቻርጀር ሲሆን ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ የገባበትን ሰዓት ወረቀት ላይ መጻፍ፣ በመብራቷ ሳይሆን በሰዓቱ መመራት፡፡ ጠረጴዛውን ጥላ ውስጥ ማድረግ፣ ባትሪውን ካርቶንና ጨርቅ ላይ አለማስቀመጥ፣ ሰው በተኛበት ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ አለመተው፡፡ ገበያተኛውም ትርፍ ባትሪውን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ አይክተት፤ ብረቱ ነጥቦቹን ካገናኘ ሾርት ያደርጋል፡፡ የንግድና የደረጃ መሥሪያ ቤቶችም ቢያንስ ቻርጀሩ ስንት ሚሊአምፔር እንደሚሰጥ በሚነበብ ቋንቋ እንዲጻፍበት ቢያስገድዱ ጥሩ ነው፡፡ ‹‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች›› እንዲሉ፣ በቻርጀር ጥቂት ብር አተርፋለሁ ያለ ሰው ስልኩን፣ ሲብስም ቤቱን እንዳያጣ፡፡

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፡፡ ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር ከአፋችን አልወረደም፤ መዘገቡም ተገቢ ነው፡፡ ከላይ የጠቀስኩት ባትሪ ሞልቶ የሚይዘው ግን 3.7 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፡፡ ይቺን 3.7 ዋት ሰዓት ለማግኘት ሰው ግማሽ ቀን ይጓዛል፡፡ ሜጋ ዋቱን የሚዘግብ ብዙ አለ፤ ይቺኛዋን የሚዘግብ ስንት አለ? የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአፋን ኦሮሞም ያሰራጫል፡፡ የሁለት ደቂቃ የሬዲዮ መልእክት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ ቢዘጋጅ ለሰንበቴም ለባቲም ይበቃል፡፡ የእኛ ዲፓርትመንት የሬዲዮ ኮርስ በየዓመቱ የተግባር ሥራ ይሰጣል፤ አንዱ ቡድን ይሄን ቢወስደው ከፈተና ነጥብ ያለፈ ጥቅም አለው ባይ ነኝ፡፡

‹‹ባትሪው የሚወጣ ስልክ እየጠፋ ነው፣ ነገሩ በራሱ ያልቃል›› የሚሉም አሉ፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ሕግ መሠረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣውና ሊቀይረው የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል፡፡ ትርፍ ባትሪ ይዞ መሄድ የኋላ ቀር ነገር ነው ያለን ሁሉ እንግዲህ ያስብበት፡፡ የሰንበቴ ገበያተኛ እንደሆነ ድሮም አልተወውም፡፡ በሚቀጥለው እሁድም ባትሪውን ይዞ ይመጣል፤ ‹‹ሞላ?›› ብሎም ይጠይቃል፡፡ ትክክለኛ መልስ ይገባዋል፡፡