ሥር ያልሰደደ ተክል አፍ የለውም

ዛሬ የማወራው ስለ ማዳበሪያ ነው፤ የምነሳው ግን ከማሳ ሳይሆን ከዓሣ ገንዳ ነው። ታገሡኝ፣ ማሳው ላይ እንደርሳለን።

የአጎቴ ልጅ ላሊበላ ውስጥ ትንሽ የጀበና ቡና ቤት አለው። በኮሮናና በጦርነቱ እንግዳ ከራቀው ወዲህ ቤቱን የሚያደምቅ ነገር ሲፈልግ ቆይቶ፣ ከአዲስ አበባ የመስታወት ገንዳ፣ ጥቂት ዓሦችና ውኃ ውስጥ የሚያድጉ ተክሎች አስመጣ። በሳምንቱ የተክሎቹ ቅጠል ቢጫ ሆነ። «ምግብ አንሷቸው ነው» ብሎ አባቱ ለስንዴ ካስቀመጡት ዩሪያ አንድ ማንኪያ ጨመረበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ውኃው ጫፍ እያወጡ ማለቅ ጀመሩ። ውኃውም እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆነ።

አጎቴ መጥተው አዩት። «ሥር ሳይሰድ በምን አፉ ሊበላልህ ነው ያጎረስኸው?» አሉት።

ነገሩ ይኸው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የተተከለ ተክል መጀመሪያ አሮጌ ቅጠሉን ይጥላል፤ ይህ ረሃብ ሳይሆን መልመድ ነው። ዩሪያ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ እስኪበረክቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ተክሉ ያልበላውን ምግብ የሚበላው አልጌ ነው። ስለዚህ ገንዳ የሚያውቁ ሰዎች ዩሪያ አይነኩም፤ ፖታሲየምና ብረት ያለበትን የውኃ ተክል ማዳበሪያ በጥቂቱ ጀምረው፣ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ይጨምራሉ፤ በየሳምንቱም ከውኃው ከፊሉን ይቀይራሉ።

አሁን ገንዳውን አስፉት። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ጥልቀቱ ግን ትንሽ የሆነ ገንዳ ነው። እንቦጭ በሐይቁ ላይ በይፋ ከታወቀበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስንት ጊዜ በእጅ ነቀልነው፣ ስንት ማሽን ገዛንለት? አረሙን እየነቀልን የሚመግበውን ግን አልነካንም። ከማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ቆሻሻ በየክረምቱ ሐይቁን ያጎርሱታል።

የላስታ ጎርፍ ጣና አይገባም፤ ወደ ተከዜ ነው የሚወርደው። ጥፋቱ ግን አንድ ነው። ከ50 ኪሎ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጅኑ 23 ኪሎ ነው። ይህን ገበሬው በውድ ገዝቶ፣ በአህያ ጭኖ፣ እርከን በሌለው ተዳፋት ላይ ሲበትነው አንድ የሐምሌ ዶፍ ምን ያህሉን ይዞት ይወርዳል? አፈሩ የሚይዝበት እጅ የለውም። ያ እጅ ፍግና ብስባሽ ነበር፤ ፍጉ ደግሞ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነድዳል።

ይህን ስል ገበሬውን እየወቀስኩ አይደለም። የላስታ እናት ኩበት የምታነድደው ጥቅሙን ስላላወቀች ሳይሆን እንጨት ስለሌላት ነው። ማዳበሪያ አያስፈልግም ማለቴም አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ በክልላችን ገበሬውን ለአቤቱታ ያስወጣው እጥረት እውነተኛ ነበር፤ ዘር ተዘርቶ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ዩሪያም ካልደረሰ አይሻልም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። በየዓመቱ የምንከራከረው ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ቀረ በሚል ብቻ ነው። የሪፖርቱ ቁጥር ወደብ ላይ ይጀምርና መጋዘን ላይ ያልቃል። ከገባው ውስጥ ስንቱ እህል ሆነ፣ ስንቱ ወንዝ ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያ የአጎቴ ልጅ ማንኪያ ነው።

ቢያንስ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ከማዳበሪያው ጋር እርከኑም ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ እርከን በሌለበት ተዳፋት የሚበተን ዩሪያ ለተከዜ የሚሰጥ ስለት ነው። ሁለተኛ፣ ኩበት ወደ ማሳ እንዲመለስ ከፈለግን ለምድጃው ምትክ እንስጥ፦ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ባዮጋዝ፣ የማገዶ ዛፍ። ሦስተኛ፣ የአፈር ምርመራው ወረዳ ላይ ይድረስ። ተክል የሚያድገው በጣም ባነሰው ንጥረ ነገር ልክ እንደሆነ ጀርመናዊው ሊቢግ ካስተማረ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፎስፈረስ የጎደለውን መሬት በዩሪያ ማጥገብ አይቻልም።

የአጎቴ ልጅ ገንዳውን አጥቦ እንደገና ጀምሯል። ዘንድሮ መጀመሪያ ተክሉን ብቻ ተክሎ፣ ዓሣውን ከሁለት ወር በኋላ አስገባ። አጎቴ ግን ተዳፋቷን ማሳ አጥበው እንደገና መጀመር አይችሉም። የእሳቸው አፈር አንዴ ከወረደ ወረደ ነው።

አስተያየታችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ ከላስታ፣ ከቡግናና ከመቄት ያላችሁ። ቸር እንሰንብት።