ለመጠየቅ አማርኛ፣ ለመመለስ እንግሊዝኛ

ጎጃም ውስጥ የትመን የምትባል የገበሬ መንደር አለች። ከኢትዮጵያ ይልቅ ውጭ አገር ያሉ የልማት ጥናት ተማሪዎች ሳያውቋት አይቀሩም። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሮ በ1994 ወደ 15 መንደሮች የሰፋው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኦክስፎርድ የተሳተፉበት ይህ ጥናት 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እስከ 2009 ድረስ እየተመላለሰ ስለ መሬታቸው፣ ስለ ከብታቸው፣ ስለ ድርቅና ስለ ሞት ጠይቋል። መረጃው ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ብዙዎች ዶክትሬት ሠርተውበታል።

ጥሩ ነው። ግን የትመን ያለው ገበሬ በየትኛው ቋንቋ ያንብበው?

«ጥናቱ ለፖሊሲ ይጠቅማል» የሚል መልስ አለ። እውነት ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሮ፣ ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን መግዣ አቅም ሲያጣም እንደሆነ አሳይቷል። ዓለም ስለ ረሃብ ያለው አስተሳሰብ ተለውጧል። ለተጠያቂው ግን ፖሊሲው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻም አይደለም፤ የጥናቱ እውነተኛነት ጉዳይ ነው። መጠይቅ ይዞ የመጣውን ሰው የሴፍቲኔት መዝጋቢ ነው ብሎ የጠረጠረ አባወራ በጎቹን ይቀንሳል። ግብር ሰብሳቢ ከመሰለውም ምርቱን ይደብቃል። ውጤቱ ቀበሌ ላይ ቢነበብ «ይሄ ቁጥር የእኛ አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ካልተነበበ ግን ስህተቱ ማዕረግ ለብሶ ይቀራል።

ጣት ወደ ፈረንጅ ብቻ መቀሰርም አያዋጣም። አገር ቤት የሚሠራውም ዶክትሬት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በእንግሊዝኛ ይሟገታል። ቀን ሲጠይቅ ውሎ ማታ በኩራዝ መልሱን ሲተረጉም ያመሸው መረጃ ሰብሳቢም ቢበዛ ምስጋና ገጽ ላይ አንድ መስመር ያገኛል።

«መተርጎም ይከብዳል» የሚለው ሰበብ ደግሞ አያስኬድም። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የፈቃደኝነት ቅጹ በተጠያቂው ቋንቋ እንዲቀርብ ይጠይቃሉ፤ ተማሪውም ያስተረጉማል። ለመውሰድ የተቻለው ትርጉም ለመመለስ እንዴት ያቅታል? እነዚሁ ኮሚቴዎች አንድ ግዴታ ይጨምሩ፦ ማዕረጉ ከመሰጠቱ በፊት የውጤቱ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በቀበሌው ስብሰባ ይነበብ።

ገበሬው መልስ የሰጠው ከሥራው ተነሥቶ ነው። ዶክተሩም አንድ ቀን ተመልሶ ይሂድ።